ከመጋረጃው ሥር የሚታዩ ጫማዎች

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ሜትሮው ውስጥ መስኮት አጠገብ ቦታ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ሳለ፣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከማኅበራችን የስልክ ቡድን ነው። «ፋሲካን የት እናክብር? አምስተርዳም፣ ሮተርዳም ወይስ ዴንሃግ? የምትፈልጉትን ተጫኑ» ይላል። የላከችው የገዛ ልጄ ሊያ ናት፤ ዘንድሮ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆና ከተመረጠች ወዲህ፣ እኛ ትልልቆቹ በየስብሰባው ስንጨቃጨቅበት የምንከርመውን ጉዳይ ሁሉ በአንድ የሻይ ሰዓት ካልጨረስኩ ብላ ተነሥታለች። ሰዉ ወዲያው መጫን ጀምሯል። ከእያንዳንዱ ከተማ ሥር የመራጩ ስምና ፎቶ ይደረደራል፤ ማን ሮተርዳምን እንደመረጠ፣ ማን አምስተርዳም እየኖረ አምስተርዳምን እንደከዳ፣ ማን ከአማቱ ለመራቅ ሲል ዴንሃግን እንደወደደ ፀሐይ የሞቀው ነገር ሆኗል። እኔም አውራ ጣቴን አንሥቼ ልጫን ስል እጄ እምቢ አለኝ። የአቶ መኰንን ልጅ ነኝና ሰው እያየኝ ድምፅ መስጠት አልተማርኩም።

ቤት እንደገባሁ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ወጣሁና ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ክቡን ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩ። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የሌለው ያበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ብስኩቱ ካለቀ በኋላ መርፌና ክር፣ የወላለቀ ቁልፍና የተበጠሰ ሐብል ይቀመጥበትና፣ ብስኩት አገኘሁ ብሎ የሚከፍተውን ልጅ ሁሉ ሲያሳዝን ይኖራል። የእኛው ግን ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለው፤ አባባ በቢላዋ የቀደዱት፣ ወረቀት እንዳይዝ ደግሞ ጠርዙን በሞረድ ያለሰለሱት ቀጭን ቀዳዳ። ክዳኑን ሳነሣው የድሮ ቅቤ፣ የቫኒላና የዝገት ሽታ አንድ ላይ ወጣና ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ልጅ አደረገኝ።

አባባ ከደርግ ሸሽተው፣ በሱዳን በኩል ዞረው፣ እማዬንና እኔን ይዘው አምስተርዳም ሲገቡ እኔ ገና የወተት ጥርሴ በመነቃቀል ላይ ነበር። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ነፋስ ሲነሣ በየኮሪደሩ ከሚያፏጭባቸው ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ ቤት ተሰጠን። እማዬ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አገኘች፤ አገር ቤት ሳሉ የሂሳብ ሠራተኛ የነበሩት አባባ ደግሞ ስኪፖል አየር ማረፊያ አውሮፕላን ማጽዳት ያዙ። ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ መንገደኛ ትቶት የወረደውን ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። የግሪክም ይሁን የጃፓን ለእሳቸው ልዩነት አልነበረውም። የማይገባቸውን ፊደል ሁሉ አልፈው ፎቶውን ያዩና፣ ሰው ተሰልፎ እጁን ወደ ላይ ያወጣበት ሥዕል ካለ ገጹን ገልብጠው ያስቀምጡት ነበር።

ይህ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር በእኛ ማኅበር ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ መሐል ከተማ ባለ መሰብሰቢያ ቤት፣ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ የወሎዎቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጡና፣ ሁሉም ሰው በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያደገ ስለሆነ፣ ሁሉም ሰው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ ወደ በሩ የሚሄድ ስለሆነ፣ የጉዳዩ ትንሽነት ሳይታይ የሚወሰነው ሁሉ በቆርቆሮው ይወሰናል። ሊቀመንበር በቆርቆሮው፣ መዋጮ በቆርቆሮው፣ የልጆች በዓል ላይ ለስላሳ ይቅረብ ወይስ ጭማቂ፣ እሱም በቆርቆሮው። አባባ የልብስ ማድረቂያችንን ከቤት በሜትሮ ጭነው ይመጡና ጥግ ላይ ዘርግተው፣ ቢጫ ዳክዬዎች ያሉበትን የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ያለብሱታል። ከዚያ አንድ በአንድ እየገቡ ይጽፋሉ። ከውጭ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው፤ እኛ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠን የሁሉንም ጫማ እናውቅ ነበር።

ማን ምን እንደመረጠ መጠየቅ ነውር ነበር። እኔ አንድ ጊዜ አባባን «ጭማቂ ብለሃል ወይስ ለስላሳ?» ብዬ፣ ያውም «አንተ» ብዬ፣ ብጠይቃቸው «አንተ» ማለቴን ሳይሰሙ አለፉት፤ ጥያቄው ግን አስቆጣቸው። «እሱ አይጠየቅም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ሙሉ ስለ ምርጫ በጠየቅኋቸው ቁጥር መልሳቸው ይኸው ነበር።

የኔዘርላንድን ምርጫም የሚሄዱበት እንዲሁ ነበር። የከተማው ምርጫ ቀን ከመድረሱ በፊት ጫማ ይወለወላል፣ ሱፍ ይተኮሳል፣ እማዬ ለቅዳሴ የምትለብሰውን ትለብሳለች፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት በር ሲከፈት እንደርሳለን። በመጀመሪያው ጊዜ አባባ ወረቀታቸውን ሣጥን ውስጥ ከከተቱ በኋላ ከጠረጴዛው ፊት አልነቃነቅ አሉ። ማኅተም እየጠበቁ ነበር። ቀበሌ ላይ መገኘትህ ካልተመዘገበ ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፤ እዚህም ለቤቱ ወይም ለድጎማው የሚጠየቅ መስሏቸው። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ረጅም ሽማግሌ ነገሩ ሲገባቸው ሣቅ ብለው «ጌታዬ፣ ባይመጡም እኮ ማንም አይጠይቅዎትም» አሏቸው። አባባ ይህን ቃል ቤት ድረስ ይዘውት መጡ፣ ለእንግዳ ሁሉ ተረኩት፣ ለስልክ ደዋይ ነገሩት፤ «ባትመጣም አይጠይቁህም! ሰማህ? አይጠይቁህም!» እያሉ። ሠፈሩ ውስጥ ብዙ ሰው ስለማይጠየቅ ምርጫ አይሄድም ነበር፤ አባባና ጓደኞቻቸው ግን ስለማይጠየቁ አንድም ቀን አልቀሩም። በበረዶም ቢሆን፣ በትኩሳትም ቢሆን።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገራቸው፤ የምርጫው እርሳስ ቀይ ነው። «ቀይ ቀለም ሰው ሲያስገድል እንጂ ሰው ሲያስመርጥ አላየሁም» ይሉ ነበር። እርሳሱንስ ለመዱት፤ ቀይ ፖስተር ያለው ፓርቲ ግን ለእሳቸውም ለጓደኞቻቸውም ሌላ ጉዳይ ነበር። «ሠራተኛ» የሚል ቃል፣ ጡጫ የሚመስል ሥዕል፣ ከጎዳናው ማዶ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ችግሩ ደግሞ ደች ያስተማረችን፣ የቤቱን ጣጣ ከእማዬ ጋር ቢሮ ለቢሮ እየዞረች የጨረሰችልን ጎረቤታችን ማሪያን የዚያው ፓርቲ እጩ ነበረች። የምርጫ ሰሞን በእጇ የፖም ኬክ፣ በደረቷ ቀይ አርማ ይዛ ስትመጣ አባባ ኬኩን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከአርማው ላይ ለማንሣት ጣራ ጣራውን ሲያዩ ይቆያሉ። ለእሷ ድምፅ ይስጡ አይስጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሷም ብልህ ነበረች፣ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

እኔም በዚህ ቤት ያደግሁ ስለሆንኩ ትምህርት ቤት ውስጥ ጣቴን አላወጣም ነበር። እዚህ አገር ልጅ መልስ ሲያውቅ አንድ ጣቱን ቀስሮ ያነሣል፤ እኔ አውቀውም አላውቀውም እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር እደብቃለሁ። የወላጆች ቀን መምህሬ በትሕትና «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ግን በፍጹም ጣቷን አታወጣም» ስትላቸው አባባ ፊታቸው ተለዋወጠ። ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «በምን ውሳኔ ላይ?» ብለው ጠየቋት። መምህሬ እስክታስረዳቸው ድረስ ከእነ ኮፍያቸው አላባቸው። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ለጉብኝት የት እንሂድ ብሎ ጣት ሲያወጣ እኔ «ሁሉም ዓይኑን ይጨፍን» አልኩ። መምህሬ ሣቀች፤ ነገር ግን አስጨፈነችን። ከዚያ በኋላ በክፍላችን ሲመረጥ ሁላችንም ግንባራችንን ጠረጴዛ ላይ ደፍተን ነበር የምንመርጠው። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ብድግ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ደርግ ወድቆ ሌላ ዓይነት ስደተኛ መምጣት ጀመረ። ትናንት ያባረሩ ሰዎች ራሳቸው ተባርረው፣ እንደ እኛው በፕላስቲክ ከረጢት ልብሳቸውን ይዘው፣ እንደ እኛው ደች ሊማሩ መጡ። ከእነዚህ አንዱ አቶ ደምሴ ነበሩ። በሌላ ከተማ የቀበሌ ሊቀመንበር እንደነበሩ ራሳቸው አልደበቁም። አንዱ «ሰው አስሯል» ሲል ሌላው «አስፈትቷል» ይላል፤ እርግጡን የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸው በጠና ታማ ነበር። እሳቸውም አንድ እሑድ መጥተው፣ በሩ አጠገብ ቆመው፣ ማኅበሩ እንዲቀበላቸው ለመኑ። «እኔን ባትፈልጉኝም ለእሷ ስትሉ። ብትሞት የሚቀብራት ሰው የለኝም» አሉ። እንዲወጡ ተነገራቸውና ኮሪደሩ ላይ ጠበቁ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ሮማን ነበሩ፤ ባላቸው የደርግ እስር ቤት ገብተው ያልወጡ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሁላችንም የምንፈራቸውና የምንወዳቸው ሴት። አባባ እንደ ልማዳቸው ዳክዬውን መጋረጃ ሊሰቅሉ ሲነሡ እትዬ ሮማን ከለከሏቸው።

«ዛሬስ በመጋረጃ አይሆንም፣ አቶ መኰንን። እኛ ምን የምንደብቀው አለ? ያን ሰው የሚፈልግ እጁን ያውጣ፤ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ይታይ።»

ሰዉ አጉረመረመ፣ አብዛኛው ግን ድጋፍ ነበር። እውነታቸውን ነው የሚል ድምፅ ከየጥጉ ተሰማ። አንዳንዱ እጅ እንዲያውም ከወንበሩ ክንድ ላይ መነሣት ጀምሮ ነበር። አባባ መጋረጃውን ታቅፈው ቆሙ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ የጠበቁት ነገር በዓይናቸው ፊት ሊፈርስ ነው፤ እሱ ከፈረሰ ደግሞ ወደዚያ ክፍል ዳግመኛ እንደማይመጡ ፊታቸውን አይቼ አወቅሁ።

«እኔ ወንድም ነበረኝ» አሉ። አጎቴን ኃይሉን የማውቀው በፎቶው ብቻ ነበር። «ጉለሌ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ጎረቤታችንን፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ፀረ አብዮት ነው ብለው አቆሙት። እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። ወንድሜ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ።» ወደ እማዬ አዩ። «እኔ አወጣሁ።»

እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባባ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አይተው መልሰው አወረዱት።

«ዳቦ ጋጋሪውንም ወንድሜንም ወሰዷቸው። ሁለቱም አልተመለሱም። እኔ የፈራሁት ደርግን ብቻ አልነበረም፤ አጠገቤ የተቀመጡትን፣ እንደ እናንተ ያሉ ደግ ሰዎችን ዓይን ነው። ወይዘሮ ሮማን፣ ይህን ሰው አንፈልግም በሉ፣ ማንም አይፈርድብዎትም። ግን በቆርቆሮው ይበሉት። እጅ አውጡ ከተባለ እኔ ዛሬም ራሴን አላምነውም።»

አባባ የመጋረጃውን አንድ ወገን ማድረቂያው ላይ ሰቀሉ። እትዬ ሮማን ረጅም ጊዜ ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት አነሡና፣ መጋረጃው ገና በአንድ ወገን ብቻ እንደተሰቀለ፣ ከሁሉም ቀድመው ከኋላው ገቡ። አባባ ሌላውን ወገን በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙላቸው።

አቶ ደምሴ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተቀባይነት አገኙ። እትዬ ሮማን ውጤቱን ሲሰሙ ቦርሳቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ማኅበሩ ተበተነ ብለን ነበር። በሚቀጥለው ወር ግን መጡ። ማንን ማኩረፍ እንዳለባቸው ስለማያውቁ፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ ሁላችንንም ሰላም አሉን። ለእኔ የዚያ ቆርቆሮ ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል። በሌላ ከተማ ያሉ የእኛን መሰል ማኅበራት በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ጉዳይ ለሁለት ለሦስት ሲሰነጠቁ፣ የእኛው አንድ ሆኖ ቆየ። የአቶ ደምሴ ባለቤት ስታርፍ ቀባሪ አላጣችም። ድምፅ የተሰጠ ዕለት በሜትሮ ስንመለስ እማዬ ድፍረት አግኝታ «ምን ብለህ ጻፍክ?» ብላ አባባን ጠየቀቻቸው። አባባ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ዝናቡ ቆሟል» አሏት። ዝናቡ እየወረደ ነበር።

በዚያው ክረምት የበጋ ሽርሽር ጉዳይ መጣ፤ ዴንሃግ ባሕሩ ዳር እንሂድ ወይስ እዚሁ አምስተርዳም ጫካው ውስጥ ሥጋ እንጥበስ። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ማኅበሩ ገጥሞት አያውቅም። አቶ ደምሴ ተራቸው ደርሶ ከመጋረጃው ኋላ ገቡ፤ አልወጡም። ተረከዛቸው የተበላ ቡናማ ጫማቸው ከዳክዬዎቹ ሥር ተተክሎ ቀረ። መጀመሪያ ሰው ሣቀ፣ አንዱ «ባሕሩን እዚያው እየዋኙት ነው እንዴ?» አለ፤ ቀስ በቀስ ግን ሣቁ ጠፋ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ወረቀታቸውን በጥንቃቄ ወደ ቆርቆሮው ካስገቡ በኋላ ለማንም ሳይሆን፣ ወይም ምናልባት ለአባባ፣ «ስንት ዓመት ሰው ሳስመርጥ ኖርኩ፤ እኔ ግን መርጬ አላውቅም ነበር» አሉ። አባባ ወንበር ሳቡላቸው። እትዬ ሮማን ከክፍሉ ማዶ ሆነው ያዩ ነበር፤ ፊታቸውን አላዞሩም።

አባባ የመጨረሻውን ምርጫቸውን የመረጡት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ገፍቼ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ጫማቸው እንደ ድሮው ተወልውሎ ነበር፣ መሬት ባይረግጡበትም። አስመራጯ ወጣት ሴት ልርዳዎት ብትላቸው በትሕትና እምቢ አሉ፣ ለእኔም በእጃቸው ወደ ኋላ በይ የሚል ምልክት ሰጡኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ያችን ትንሽ ክብ በቀዩ እርሳስ ለመቀባት ብዙ ቆዩ፣ ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ፣ አንድም ሰው ግን አላጉረመረመም። ሲወጡ እንደ ሙሽራ ኮርተው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ክረምት አልወጡትም።

ይህን ሁሉ አስታውሼ ስጨርስ ካፖርቴ ገና በላዬ ላይ ነበር። ለሊያ ደወልኩላትና እሑድ ቆርቆሮውን ይዤ እመጣለሁ አልኳት።

«ማሚ፣ አዳራሽ ለመምረጥ?» አለችኝ። «አሁን እኮ ማንም አይፈራም።»

እውነቷን ነው፤ ማንም አይፈራም። አባባ ባሕርና በረሃ ያቋረጡት የልጅ ልጃቸው ይህን ቃል እንዲህ አቅልላ እንድትናገረው ነበር፤ ስሰማው ኩራት ደረቴን ሞላው። ያም ሆኖ እሑድ ቆርቆሮውን ይዤ ሄድኩ። የዳክዬው መጋረጃ ሻግቶ ከተጣለ ቆይቷል፤ የአልጋ አንሶላ ሰቀልኩ። ወጣቶቹ በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ሣቁብኝ። ከድሮዎቹ መካከል እትዬ ሮማን ብቻ መጥተዋል፤ እሳቸውም ወረቀታቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው ተነሡ። ያን ጊዜ ወረቀቱ በዝቶ ክዳኑ አልገጥም ሲል አባባ በመዳፋቸው ይጫኑት ነበር፤ አሁን ቆርቆሮው ግማሽም አይሞላ፣ ከሚታዩት ጫማዎችም የማውቀው ጥቂቱን ነው። ጥቁሩን፣ የተወለወለውን፣ ዓይኔ ዝም ብሎ ሲፈልገው ዋለ።

በመጨረሻ ሊያ እየሣቀች ገባች። ከአንሶላው ሥር ነጭ ስኒከሯ ይታየኛል። መጀመሪያ እግሯን ታወዛውዝ ነበር፤ ከዚያ ማወዛወዟን ተወች። ጠበቅን። ስትወጣ አልሣቀችም፤ ወረቀቷን አጥፋ፣ በቀዳዳው አስገብታ፣ ክዳኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እናት ነኝና አልቻልኩም፣ ጠጋ ብዬ «አምስተርዳም ነው ያልሽው አይደል?» አልኳት።

ልጄ፣ አያቷን «አንተ» እያለች ያደገችው፣ ቀና ብላ በአባባ ዓይን አየችኝ።

«እሱ አይጠየቅም» አለችኝ።

ፋሲካ ሮተርዳም ይሆናል ተብሎ ተወስኗል። እኔ ምን እንደመረጥኩ ግን ለእናንተም አልነግራችሁም።